የመተግበሪያው ግምትና የገማቹ ግምት ሲራራቁ የትኛው ይታመን?

ቤትዎን ለመሸጥ ተነስተው በኢንተርኔት መተግበሪያ ያገኙት የዋጋ ግምትና ባለሙያ ገማች የሰጡዎት ግምት በእጅጉ ስለተራራቁ የትኛውን ይዘው ወደ ገበያ መውጣት እንደሚሻልዎ ጠይቀዋል። በንብረት ግመታ ሥራ ለብዙ ዓመታት የቆየሁ፣ አሁን ደግሞ እነዚህኑ የሰው ሰራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ዘወትር የምጠቀም በመሆኔ የማውቀውን ላካፍልዎ።

መሣሪያው ቤትዎን አላየውም። የሚያውቀው በመዝገብ የሰፈረውን፣ ማለትም ስፋቱን፣ የክፍሎቹን ብዛት፣ የተሠራበትን ዘመንና በአካባቢው የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ያወጡትን ዋጋ ነው። ስለሆነም ቤቶቹ በሚመሳሰሉበት፣ ሽያጭ በሚበዛበትና እውነተኛው ዋጋ በሚመዘገብበት ቦታ ግምቱ ከእኔ ግምት ብዙም አይርቅም፤ በፍጥነትማ ጭራሽ አልወዳደረውም። ሽያጭ ጥቂት በሆነበት፣ ወይም ሻጭና ገዥ ታክስ ለመቀነስ ሲሉ ዋጋውን አሳንሰው በሚያስመዘግቡበት ቦታ ግን የተማረው ከተዛባ መረጃ ስለሆነ ግምቱም ይዛባል። በግድግዳ ውስጥ የሰረገ እርጥበት፣ የተሰነጠቀ መሠረት፣ ወይም በተቃራኒው ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ያሳደሰው ወጥ ቤት በመዝገብ አይገኙም። እኔ አንድ ቤት ስገባ በቅድሚያ ከዕቃ ጀርባ ያለውን የግድግዳ ታችኛ ክፍል የማየው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሜሪካው የቤት መገበያያ ድረ ገጽ ዚሎው የገጠመው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የቤት ዋጋ በኮምፒውተር ሲገምት ቆይቶ በ2018 ራሱ ቤት እየገዛ አድሶ ወደ መሸጥ ገባ፤ በ2021 መገባደጃ ግን ይህን የመግዛትና የመሸጥ ሥራ እንደሚዘጋ አስታወቀ፣ በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ በእጁ ከነበሩት ቤቶች ዋጋ ላይ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ኪሳራ ቆጥሮ ቀነሰ፣ ከሠራተኞቹም ሩብ ያህሉን አሰናበተ። ኩባንያው የዋጋን አካሄድ አስቀድሞ መተንበይ ከጠበቀው በላይ እንዳስቸገረው ገልጿል። በእኔ እምነት ሌላም ምክንያት አለ፦ ሻጭ ቤቱን ከማንም በላይ ስለሚያውቅ፣ ግምቱ ሲያንስበት እንቢ ይላል፣ ሲበዛለት ደግሞ ፈጥኖ ይሸጣል፤ በዚህም የተነሳ በገዥው እጅ የሚከማቹት ከዋጋቸው በላይ የተገመቱት ናቸው።

ስለ ፎቶግራፍም አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ ክፍልን በኮምፒውተር በዕቃ ሞልቶ ማሳየት ነውር የለውም፣ ምስሉ የተቀናበረ መሆኑ እስከተገለጸ ድረስ። ስንጥቅ መደምሰስ ወይም ከመስኮቱ ውጪ የሌለ ዛፍ መጨመር ግን ማታለል ነው፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስመለስ፣ መተግበሪያው ስለ ቤትዎ የያዘውን መረጃ ከፍተው ይመልከቱ፤ የስፋት ወይም የክፍሎች ብዛት ስህተት ብቻውን ግምቱን ሊያራርቀው ይችላል። ከአንድ ቁጥር ይልቅ ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምቱን ይፈልጉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ መሣሪያው ራሱ እርግጠኛ አይደለም። ገማችዎንም ያነጻጸሯቸውን ቤቶችና የሽያጫቸውን ቀን በጽሑፍ ይጠይቋቸው። ማብራሪያ መስጠት ካልቻሉ፣ ወይም ያቀረቧቸው ሽያጮች ገበያው ከመለወጡ በፊት የተፈጸሙ ከሆኑ፣ ሌላ ገለልተኛ ገማች ያስገምቱ። ማስረጃቸው ከተሟላ ግን እኔ ብሆን የእሳቸውን ግምት ይዤ እወጣለሁ።