መልስ፦ የ60ዎቹ መኪና ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሄዳል ወይ?

ወንድሜ፣ «የ60ዎቹ መኪና ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሄደ ቢሉኝ አላምንም፣ እውነት ነው?» ላልከው፣ አዎ፣ ያውም ከዚያ በላይ! አሜሪካዊው መምህር ኧርቭ ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ የገዛት ቮልቮ ፒ1800 በ2013 አላስካ ውስጥ 3 ሚሊዮን ማይል ሞላች። ወደ 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሞተሯ መጀመሪያ የታደሰው ራሱ 1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ካለፈች በኋላ ነው።

ዘይት በሰዓቱ መቀየሩ አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ይበልጥ የጠቀማት ረጅም መንገዱ ይመስለኛል። ሰውዬው ለሥራ ብቻ በቀን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳ ነበር። ሞተር ክፉኛ የሚጎዳው ሳይሞቅ ተነስቶ ቶሎ ሲጠፋ ነው።

አሮጌ መኪና ልትገዛ ከሆነ ግን ቆጣሪውን አትመን። የብዙዎቹ ባለ አምስት አሃዝ ነው፤ 99,999 ሲሞላ ዜሮ ይላል። 60,000 ብለህ ያነበብከው 260,000 ሊሆን ይችላል።