ሃርድ ዲስክን መከፋፈል ዕድሜውን ያሳጥረዋል ወይ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስኬን ሲ፣ ዲ እና ኢ ብዬ ከፍዬዋለሁ። ይህ ዲስኩን ቶሎ ያስረጀዋል የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፓርቲሽን ማለት በዲስኩ መጀመሪያ ላይ በሚገኝ አነስተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ «ይህ ክፍል ከዚህ ሴክተር ጀምሮ እስከዚያኛው ድረስ ነው» ተብሎ የተመዘገበ መረጃ እንጂ በሳህኑ (መረጃው በሚጻፍበት፣ በዲስኩ ውስጥ በሚዞረው ክብ ዝርግ አካል) ላይ የቆመ ግድግዳ አይደለም፤ ሴክተር የሚባለው መረጃ የሚቀመጥበት ትንሽ ቁራጭ ቦታ ነው። ሃርድ ዲስክን የሚያስረጁት ሞተሩ የሠራበት ሰዓት፣ የመነሣቱና የመቆሙ ብዛት፣ ሙቀት፣ ንዝረትና መውደቅ ናቸው። ሦስቱንም ክፍሎች የሚያነበው ያው አንድ ክንድ (የማንበቢያውን ራስ ተሸክሞ በሳህኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው) ስለሆነ ግን፣ ከሲ ወደ ዲ ትልቅ ፋይል ሲገለብጡ ክንዱ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። የሚያዩት መዘግየትና የሚሰሙት ኮሽታ ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ክንዱ ለዚሁ ሥራ የተሠራ በመሆኑ ግን በዚህ ሰበብ ይበላሻል ብዬ አልሰጋም።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስን የትኛው ክፍል ላይ ብጭነው ይፈጥናል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ላይ። የሃርድ ዲስክ ሴክተሮች መቆጠር የሚጀምሩት ከሳህኑ ውጨኛ ጠርዝ ነው፤ ሳህኑ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ሳያቋርጥ ስለሚዞር፣ ሰፊ በሆነው በውጨኛው ዙር ላይ በአንድ ዙረት ብዙ መረጃ ይነበባል፤ ወደ መሀል ሲጠጋ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ይህ የሚዞር ሳህን የሌለውን፣ መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠውን ኤስኤስዲን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ በኤስኤስዲ ላይ ለዊንዶውስ 100 ጊጋባይት ብቻ ብመድብለት፣ ዘወትር የሚጻፈው እዚያው ስለሆነ ያ ቦታ ቀድሞ አያልቅም?

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የኤስኤስዲ ሴሎች (መረጃ የሚቀመጥባቸው ጥቃቅን የቺፑ ክፍሎች) በእርግጥም በተጻፈባቸው ቁጥር ያልቃሉና። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የሴክተር ቁጥር ከእውነተኛው ሴል ጋር ቋሚ ቁርኝት የለውም። አንድን ፋይል አስተካክለው ባስቀመጡ ቁጥር በዲስኩ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ አዲሱን መረጃ በሌላ ባዶ ሴል ላይ ጽፎ አድራሻውን ብቻ ይለውጣል። እንዲያውም በዲ ላይ ለዓመታት ያልተነካ ፎቶግራፍ ቢኖር፣ ብዙም ያልሠሩት የፎቶግራፉ ሴሎች ተራቸውን እንዲያገለግሉ ፎቶግራፉን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውረው ይችላል። ስለዚህ ድካሙ ለመላው ዲስክ ይከፋፈላል፤ አምራቹ በቴራባይት የሚገልጸው የጽሑፍ መጠን ዋስትናም ለአንድ ፓርቲሽን ሳይሆን ለዲስኩ በሞላ ነው።

ይልቅስ ዕድሜውን የሚጎዳው ዲስኩን እስከ አፉ መሙላት ነው፤ ባዶ ቦታ ሲያጥረው መቆጣጠሪያው ያለውን መረጃ ደጋግሞ እያነሣ መጻፍ ይኖርበታል። ጥቂት ቦታ ሳይመደብ መተው የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ሆኖም ቦታው ቀድሞ የተጻፈበት ከሆነ በትሪም ትእዛዝ (ቦታው ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ ለዲስኩ በሚነግረው) መለቀቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ሲ ሞልቷል። ከዲ ቀንሼ ልጨምርለት?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ራሱ ሲን የሚያሰፋው ባዶው ቦታ ወዲያው ከኋላው ሲከተል ብቻ ነው። ዲን ከጀርባው ቢቀንሱት ባዶው ቦታ ከዲ ማዶ ይቀራል፤ በሌላ ፕሮግራም ከፊቱ ሲቀንሱት ደግሞ የዲ መረጃ በሙሉ ከቦታው መነሣት አለበት። አንድ ጊዜ ማድረጉ ለዕድሜው አያሳስብም፤ የሚያሳስበው በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ነው። ፋይሎችዎን አስቀድመው ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ፤ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪው ይሙላ።

ጥያቄ፦ ዲ ላይ ያስቀመጥኩት ቅጂ ባክአፕ ነው?

መልስ፦ ዊንዶውስን እንደገና ሲጭኑ ይተርፍልዎታል፤ ዲስኩ ሲሞት ግን አብሮ ይሞታል።

ጥያቄ፦ ባድ ሴክተር (የተበላሸ ሴክተር) ያለበትን አካባቢ ከፓርቲሽን ውጭ አድርጌ ዲስኩን ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ ለጊዜው ይሠራል፤ እኔ ግን አልመክርም። ዲስኩ የተበላሹትን ሴክተሮች በመጠባበቂያዎች የሚተካው በራሱ ነው፤ ቁጥራቸውም ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት በሚመዘግበው በስማርት መረጃው ላይ ይታያል። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ባለበት ከቆመ ዲስኩን ለማይሳሱለት ፋይል ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በየሳምንቱ የሚጨምር ከሆነ ግን ጉዳቱ ባሰመሩት ድንበር አይቆምም፤ ክንዱ ከሳህኑ ጋር ተነካክቶ ከሆነ የተፋቀው ብናኝ ወደ ጤነኛውም ክፍል ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ዲስክ ከማስተካከል ይልቅ፣ የሚፈልጉትን ፋይል ከሁሉ አስቀድመው ያውጡበት።