የአያቴን ሥዕል ላሳድሰው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቤታችን ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ነው። ሳሎናችን ውስጥ አያቴ ኮሪያ በዘመቱ ጊዜ የተሣለ ሥዕላቸው ተሰቅሏል። ያኔ ሻምበል ነበሩ፤ ጡረታ የወጡት ግን ኮሎኔል ሆነው ነው። ሥዕሉ ጠቁሯል፤ አንዱ ጥግ ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል። ፍሬም የሚሠራልን ልጅ «በአዲስ ቀለም አድምቄ ላምጣው» ይላል። በቀኝ ደረታቸው ለብቻዋ ያለችውን ሰማያዊ ነገርም «ሠዓሊው ተሳስቶ ነው፤ ወደ ግራ ላዙራት» ባይ ነው። አጎቶቼ ደግሞ ማዕረጉ ኮሎኔል ይደረግ ብለዋል። ምን ይሻለኛል?
የልጅ ልጅ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ሥዕሉን ለልጁ ካልሰጡት እሰየው። ሰጥተውት ከሆነ ዛሬውኑ ያስመልሱት። ስንት የጀግና ሥዕል በዚህ «ማድመቅ» ፊቱ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ያንገበግበኛል።

ከሰማያዊዋ ልጀምር። ሠዓሊው አልተሳሳተም። ጠርዟ ወርቃማ የሆነ ሰማያዊ ሪባን ከሆነች፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለአንድ የጦር ክፍል በሙሉ የሚሰጡት ሽልማት ናት። ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ ይህን ሽልማት አግኝቷል። ቦታዋም ቀኝ ደረት ነው። ሜዳሊያዎቹ በግራ ይደረደራሉ። ከእነሱ መካከል ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር የተፈራረቀበት ካለ፣ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው።

ማዕረጉንም አይንኩት። የመጀመሪያው ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ሲዘምት፣ ማን በሕይወት እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ወታደሮቻችን ወድቀዋል። ሥዕሉ የያዘው የዚያን ጊዜውን ሻምበል ነው። አጎቶችዎ ኮሎኔልነታቸው እንዲታይ ከፈለጉ፣ የኋላ ፎቶአቸውንና ኒሻኖቻቸውን በመስታወት ሣጥን አድርገው ከጎኑ ይስቀሉ። ያምራልም።

አሁን ሥዕሉን ያውርዱና ጀርባውን ይዩ። ሸራ ነው ወይስ ሐር? በዚያ ጦርነት ወታደሮች ፎቶ እየሰጡ ምስላቸውን ሐር ላይ ያሠሩ ነበር። ሐር ከሆነ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው። ጀርባው ላይ ጽሑፍ፣ ማኅተም ወይም ወረቀት ካለ እንዳይልጡት። ፊቱንም ጀርባውንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

የዘይት ቀለም ከሆነ፣ የጠቆረው ብዙ ጊዜ ቀለሙ ሳይሆን ከላይ የተቀባው ቫርኒሽ ነው። ቫርኒሽ ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል፤ የዕጣንና የከሰል ጭስ ሲጨመርበት ይጠቁራል። ከሥሩ ያለው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ማንሳቱ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። በእርጥብ ጨርቅ፣ በሎሚ ወይም በአልኮል ልጥረገው ካሉ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። የተሰነጠቀውን ጥግ በደረቅ ብሩሽ እንኳ አይንኩት። የረገፈች ቅንጣት ካገኙ ፖስታ ውስጥ ያስቀምጧት።

ክረምት ላይ የድሮ ቤት ግድግዳ እርጥበት ይስባል። ሥዕሉ ከግድግዳው ትንሽ እንዲርቅ በፍሬሙ ጀርባ አራቱም ጥግ ላይ ቁራጭ ቡሽ ይለጥፉ። ቀጥተኛ ፀሐይም እንዳያገኘው።

ለጥገናው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ጎራ ብለው መምህራኑን ያማክሩ። ሥራውን የሚይዘው ማንም ይሁን ማን፣ አስቀድመው «ምኑን ነው የምትነካው?» ብለው ይጠይቁት። «አደምቀዋለሁ» ካለዎት ሥዕልዎን ይዘው ይመለሱ።