ዋቱን ከማየታችሁ በፊት፦ ስለ ፓወር አምፕ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ስፒከር ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። አብዛኛው ከዚሁ ከጎንደር ነው፤ የሚበዛውም ስለ ፓወር አምፕ ነው። ከፕሪአምፕ (ዘፈኑን መርጠን ድምፁን ከፍና ዝቅ ከምናደርግበት ዕቃ) የሚመጣውን ትንሽ ሲግናል አጎልብቶ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው ዕቃ ማለት ነው። የሚወጣበት ገንዘብ ትልቅ ስለሆነ ቸኩዬ መመለስ አልፈለግኩም።

ከአዘዞ፦ «ስፒከሬ ከጀርባው 87 ዴሲቤል፣ 8 ኦም ይላል። ሳሎኔ 4 በ5 ሜትር ነው። ሻጩ 100 ዋት አይበቃህም፣ የ200ውን ውሰድ ይለኛል። ዋጋው ግን እጥፍ ነው።»

100ው ይበቃሃል። አብረን እናስላው። 87 ዴሲቤል ማለት ስፒከሩ 1 ዋት ብቻ ሲገባለት 1 ሜትር ላይ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ሶፋህ 3 ሜትር ይርቃል እንበል። ርቀቱ ይቀንሳል፤ ግድግዳውና ሁለተኛው ስፒከር ደግሞ የተወሰነውን ይመልሳሉ። ተደምሮ ተቀንሶ 82 ዴሲቤል አካባቢ ይደርስሃል። ሰው ለሰው ሲያወራ 60 ገደማ ነው። እንግዲህ በ1 ዋት ብቻ ሳሎንህ ሞላ።

ታዲያ የቀሩት 99 ዋቶች ለምን ናቸው? ለድንገተኛው ምት ነው። ከበሮ ሲመታ ድምፁ ለቅጽበት ከአማካዩ 15 ወይም 20 ዴሲቤል ዘልሎ ይወጣል። ለእያንዳንዱ 10 ዴሲቤል ደግሞ ኃይሉ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ለ20 ዴሲቤል 100 እጥፍ ነው፤ ይኸው 100 ዋትህ። ከ100 ወደ 200 ብትሄድ የምታገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «ድምፁ እጥፍ ሆነ» የሚለው ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር ነው።

ሻጩን ሌላ ነገር ጠይቀው። 8 ኦም ላይ 100 ዋት የሚሰጠው አምፕ 4 ኦም ላይ ስንት ይሰጣል? ወደ 200 ከተጠጋ ውስጡ ያለው ኃይል ሰጪ ትራንስፎርመር ደልዳላ ነው። 120 ላይ ከቆመ ተጠራጠር። ምክንያቱም የስፒከር ኦም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን፣ ቋሚ አይደለም። 8 የተጻፈበት ስፒከር አንዳንድ ድምፅ ላይ ወደ 4 ይወርዳል። አቅመ ደካማ አምፕ የሚጋለጠው ያኔ ነው። ማኪንቶሽ የሚባለው የአሜሪካ አምፕ ካጋጠመህ ግን አትደናገር። ብዙዎቹ የማኪንቶሽ አምፖች መውጫቸው ላይ ሌላ ትራንስፎርመር ስላላቸው በ8ም በ4ም ኦም እኩል ዋት ይሰጣሉ። ካርቶኑ ላይ «ፒኤምፒኦ 2000 ዋት» የሚል ካየህ ደግሞ ዕቃውን ትተህ እለፍ። ያ ቁጥር ምንም አይነግርህም።

ከማራኪ፦ «ወንድሜ ቶኪዮ ነው። ያገለገለ አኩፌዝ በጥሩ ዋጋ አገኘሁልሽ ብሎኛል። እዚህ ይሠራል?»

እህቴ፣ አኩፌዝ የጃፓን አምፕ ነው፤ ይሠራል፤ ግን በቀጥታ እንዳትሰኪው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ወደ 110 የሚቀንሰው ነው፤ አንቺ ግን ወደ 100 የሚቀንሰውን ፈልጊ። ከአምፑ ጀርባ የኤሌክትሪክ ፍጆታው በዋት ተጽፏል። የትራንስፎርመሩ አቅም የዚያ እጥፍ ይሁን።

ስለ ኸርዙ አትጨነቂ። ጃፓን በምሥራቅ 50፣ በምዕራብ 60 ኸርዝ ስለምትጠቀም እንዲህ ያሉ አምፖቿ ለሁለቱም ይሠራሉ፤ የእኛ 50 ነው። ለ60 ኸርዝ ብቻ ተብሎ የተሠራ የአሜሪካ አምፕ ቢሆን ግን ትራንስፎርመሩ እዚህ ከልክ በላይ ይሞቅ ነበር። ወንድምሽን የማጓጓዣውንም ዋጋ ይጠይቅ በይው። ትልልቆቹ 40 ኪሎ ያልፋሉ።

ከፒያሳ፦ «ክላስ ኤ የሚባለው አምፕ ድምፁ ይለያል ይሉኛል። ቤቴ ጠባብ ነው፤ ባለቤቴም ዕቃ ሁሉ ላይ ዳንቴል ታለብሳለች።»

ጋሼ፣ የክላስ ኤ ድምፅ እኔም እወዳለሁ። ማሲንቆ ሲመጣበት ልብ ይነካል። ነገር ግን ትራንዚስተሮቹ ዘፈን ኖረም አልኖረም ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናቸው። ትልቁ ዝም ብሎ ተቀምጦ ከ300 ዋት በላይ ሊበላ ይችላል። ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ 20 በመቶ የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። የአምፑ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ሙቀታቸው 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ለእርስዎ ቤት በደንብ የተሠራ ክላስ ኤቢ (ትራንዚስተሮቹ በከፊል የሚያርፉበት) ይሻላል። ልዩነቱን በጆሮ ለመለየት ይከብዳል። ክላስ ዲንም (ትራንዚስተሮቹ በፍጥነት እየበሩና እየጠፉ የሚሠሩበትን) አይናቁት፤ በጣም ተሻሽሏል፤ ሙቀቱም ትንሽ ነው። ከአምፑ በላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ። ዳንቴሉን ደግሞ ባለቤትዎ ለሌላ ዕቃ ያድርጉት። አምፕ መተንፈሻው መሸፈን የለበትም።

ከአራዳ፦ «ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ መብራታችን ይደበዝዛል። ስታቢላይዘር ልግዛ?»

ግዛ። ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልት ያስተካክላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ መስመሩ ቀጭን ከሆነ ቮልቱ መውረዱ አይቀርም። መውረዱ አምፕህን አቅም ያሳጣዋል እንጂ ብዙም አይጎዳውም። የሚገድለው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው።

ይህን በራሴ ቤት አይቼዋለሁ። ክረምት ነበር። መብራት ሄደ፤ እኔም አምፑን ሳላጠፋ ጎረቤት ቡና ልጠጣ ወጣሁ። መብራቱ ሲመለስ ከፍ ብሎ መጣ። የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ነደዱ። ዲሲው (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ) በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ሄደና የዎፈሩን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል፣ ኮይል አቃጠለው። አምፑ የመከላከያ ሪሌይ (ችግር ሲፈጠር ስፒከሩን የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) አልነበረውም። ለዓመታት ያጠራቀምኩበትን አምፕም ስፒከርም በአንድ ከሰዓት አጣሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የስፒከር መከላከያ የሌለው አምፕ አትግዛ። ስታቢላይዘሩ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ይሁን፤ አቅሙም ከአምፑ ከፍተኛ ፍጆታ እጥፍ ይሁን። በሪሌይ ቀጭ ቀጭ ከሚለው ይልቅ በሞተር የሚያስተካክለው ይሻላል። መብራት ሲሄድ አምፑን አጥፋ፤ ተመልሶ 10 ደቂቃ ሳይቆይ አታብራ። ሐምሌና ነሐሴ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ሶኬቱን ንቀል። ስታቢላይዘር መብረቅ አያቆምም።

ከአዘዞ ሌላ ጠያቂ፦ «ሜትሩ በሺዎች ብር የሚሸጥ የስፒከር ገመድ ልግዛ?»

አይ። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ንጹሕ መዳብ እስከ 5 ሜትር ርቀት ድረስ ይበቃል። በተረፈው ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ግዛ፤ ለድምፁ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «ያገለገለ አምፕ ላይ ነኝ። ሱቁ 10 ደቂቃ ብቻ ቢሰጠኝ ምን ልስማ?»

መጀመሪያ ምንም አትክፈት። ጆሮህን ወደ ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሽ ክፍል፣ አስጠጋ። እምምም የሚል ድምፅ ካለ ችግር አለ። ቀጥሎ ብገና ክፈት። እኔ ከብገና የተሻለ ፈተና አላገኘሁም። ወፍራም ዝቅተኛ ድምፅ አለው፤ በላዩ ደግሞ እንዚራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳ የምትሰጠው ንዝረት አለ። ደካማ አምፕ ሁለቱን ያደባልቃል። ጎበዙ ግን አውታሩንም፣ ንዝረቱንም፣ የዘማሪውንም ትንፋሽ ለየብቻ ያሰማሃል።

ሁለት አምፕ ካወዳደርክ ድምፃቸውን እኩል አድርግ። ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው ውስጡን እንዲያሳዩህ ጠይቅ። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ካየህ የመለወጫውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንስ።