ወዝ ይመልሳል የሚባለው መርፌ፦ ጠይቃችሁኛል፣ ልመልስ

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩ ቁጥር የምጠየቀው ስለ አንድ መርፌ ነው። ስኪን ቡስተር። ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ አንድ የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ አራት ዓመት ከሐኪም ጎን ቆሜ ዕቃ ሳቀብል ነበር፣ አሁን ደሴ ተመልሼ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ስንት ፊት ሲወጋ አይቻለሁ። ጥያቄዎቻችሁን እንደመጡ አስቀምጫቸዋለሁ።

ከሆጤ፦ ስኪን ቡስተር ማለት ፊለር ነው እንዴ? ጉንጭ ይነፋል?

አይነፋም። ፊለር ወፈር ያለ ጄል ነው፣ የጎደለ ቦታ ይሞላል፣ ከንፈር ያሳብጣል። ይሄኛው ቀጭን ነው፣ ቆዳው ውስጥ ስስ ሆኖ ይሰራጫል። በብዛት ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። እሱም ባዕድ ነገር አይደለም፣ በገላችን ውስጥ ያለ፣ ውሃ አቅፎ የሚይዝ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የተገኘውም በ1934 (በፈረንጆቹ) ከላም ዓይን ውስጥ ነው። ዕድሜ ሲገፋና ፀሐይ ሲበዛበት ከቆዳ ላይ ይቀንሳል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ብርሃን ሲያርፍበት ይፈዛል። ወዙ ጠፋ የምንለው ይሄንን ነው። መርፌው ውሃ ያዡን ይመልስና በዚያውም ቆዳው ኮላጅን (አጥብቆ የሚይዘውን ፕሮቲን) እንዲሠራ ትንሽ ይገፋፋዋል። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባላችሁ ሰው ሊሸጥላችሁ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ፕሮፋይሎ ይሻላል ሬጁራን? ደግሞ አንዱ ከዓሣ ነው የሚሠራው ይላሉ፣ እውነት ነው?

እውነት ነው። ሬጁራን የኮሪያ ነው፣ ውስጡ ያለው ፖሊኑክሊዮታይድ ይባላል፣ ከሳልሞን ዓሣ የዘር ፈሳሽ ተጣርቶ የሚወጣ ዲኤንኤ ነው። (ሳቁ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ።) ሥራው ውሃ መያዝ ሳይሆን የተጎዳ ቆዳ ራሱን እንዲጠግን ማነቃቃት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እያረፉ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይወጉታል፣ ፊት ሙሉ፣ ጥቃቅን ጠብታ በጠብታ።

ፕሮፋይሎ ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። በአንድ ባለ 2 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ውስጥ 64 ሚሊ ግራም አለ። ፊት ላይ በአንዱ ጎን 5 ቦታ ብቻ ይወጋል፣ በሁለቱ 10፣ ከዚያ ራሱ ይሰራጫል። ከወር በኋላ ይደገማል። የትኛው ይሻላል ላልሽው፣ ደረቅና የፈዘዘ ቆዳ ከሆነ በሃያሉሮኒክ ጀምሪ እላለሁ። ማስረጃው ጠንከር ያለው ለእሱ ነው፣ በፖሊኑክሊዮታይድ ላይ ያሉት ጥናቶች በአብዛኛው ትንንሽ ናቸው። ሌላም ልጨምር፣ ሃያሉሮኒክ ተወግተሽ ነገር ቢበላሽ የሚያሟሟው መድኃኒት አለ፣ ሃያሉሮኒዴዝ ይባላል። የዓሣው ማሟሟያ የለውም። ኤክሶሶም (ከሴል የሚወጡ ጥቃቅን ከረጢቶች) የሚሏችሁን ደግሞ ተዉት፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ አንዱንም በመርፌ እንዲሰጥ አልፈቀደም።

ከዚያው ከኮምቦልቻ፦ ዓሣ ከሆነ ሐላል ነው? ለጾምስ?

እህቴ፣ እሱን ሼኹን ወይም የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እኔ የምጠይቅሽ ዓሣ ስትበዪ ያሳክክሻል ወይ የሚለውን ነው። ካሳከከሽ ሬጁራንን እርሺው።

ከሰኞ ገበያ፦ ፊቴን ያቀላልኛል?

አያቀላም። መርፌው ውሃ ይሰጣል እንጂ ቀለም አይሰጥም። ፊት ሲርስ ብርሃን ስለሚመልስ ፈካ ያለ ይመስላል፣ ያ ነው የሚያምታታው። ያቀላል ተብሎ በደም ሥር የሚሰጠው ግሉታታዮን ሌላ ነገር ነው፣ ኤፍዲኤ ለማቅያ የፈቀደው መርፌ የለም። ደግሞ ለምን ትቀያለሽ? የወሎ ጠይም ስንት የተባለለት ነው።

ከኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ የምሠራ፦ 29 ዓመቴ ነው። ሌሊት ፈረቃ ነኝ። ፊቴ ገርጥቷል፣ ከዓይኔ ሥር ጠቁሯል፣ ሰው ሁሉ አሞሻል ወይ ይለኛል። ብር አጠራቅሜ ልወጋው?

አብሽሪ እህቴ፣ ብሩን ያዢው። ክሊኒክ እያለሁ ሐኪሙ ፊቴ ደከመ ብላ የመጣችን ሴት መጀመሪያ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጎ ያያል። ውስጡ ቀይ መሆን አለበት። እንደ ወረቀት ከነጣ ወደ መርፌ ሳይሆን ወደ ላብራቶሪ ነው የሚልካት። የወር አበባሽ ይበዛል? ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሻል? ጸጉርሽ ይረግፋል? ሄሞግሎቢን አሠሪ፣ ከቻልሽ ፌሪቲን (ገላ ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን) ጨምሪበት። የብረት እጥረት ፊት ያገረጣል፣ የቱንም ያህል ሃያሉሮኒክ ብትወጊ ደም አይሆንም። ታይሮይድም (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) እንደዚያው ነው፣ ሥራው ሲቀንስ ፊት ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈዛል፣ በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል። ብረት አንሶሽ ከተገኘ እንክብሉን ስትወስጂ ቡናና ሻይ አርቂው፣ ብረቱን እንዳይገባ ያደርጉታል። ሦስት ወር ውሰጂና ከዚያ መስታወት እዪ።

ስለ እንቅልፉ አልመክርሽም፣ ፈረቃሽን እኔ አላወጣሁትም። ከሥራ ስትወጪ ግን ከጠዋቷ ፀሐይ ተሸፍነሽ ሂጂ፣ መኝታ ቤትሽንም በጥቁር መጋረጃ አጨልሚው።

ከቧንቧ ውሃ፦ እኔ ፀሐይ አይነካኝም፣ ደሴ ብርድ ነው።

ይቺን ስሰማ ነው የሚያመኝ። ብርድና ፀሐይ ሌላ ሌላ ናቸው! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር በ10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ኮምቦልቻ ወርደሽ ሲሞቅሽ ጥላ ትፈልጊያለሽ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሲበርድሽ ግን ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለሽ ትሞቂያለሽ፣ ቆዳሽ የሚቃጠለው የቱ ጋ ይመስልሻል?

ስም ያልጻፈች፦ ለፊቴ ክሬም እቀባ ነበር፣ አሁን ካልቀባሁ ያቃጥለኛል። መርፌው ቆዳዬን ያድሰዋል?

ለዚህ ጥያቄ ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ምክንያቱም ይሄ ነው ከሁሉም የሚበዛው፣ የሚደበቀውም ይሄው ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ፋርማሲ መጣች፣ እስከ አንገቱ ድረስ እንደ ጥርስ ሳሙና ተጠቅልሎ ያለቀ ቱቦ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «ከዚህ አንድ ስጪኝ» አለች። ክሎቤታዞል ነው። ለምንሽ ነው ስላት ሻሿን ገለጥ አደረገችው። ጉንጯ እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ቀጫጭን ደም ሥሮች እንደ ክር ይታያሉ፣ አገጯ ላይ ጸጉር አብቅሏል። አምስት ዓመት ቀብታዋለች። ጎረቤት ነው የነገራት፣ መጀመሪያ ሰሞን ፊቷ ጠርቶ ነበር።

ክሎቤታዞልም ቤታሜታዞንም ስቴሮይድ ናቸው። ለቆዳ በሽታ፣ ሐኪም ባዘዘው ቀን ልክ፣ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ላይ በየቀኑ ሲሆን ግን ቆዳውን ያሳሱታል፣ ሲያቆሟቸው ደግሞ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ብጉር ይወጣል፣ ስለዚህ ሰው ተመልሶ ይቀባል። አንቺ ያለሽው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ የሳሳና የተቆጣ ቆዳ ላይ መርፌ አይወጋም፣ ይጠቁራል፣ ሊያመረቅዝም ይችላል። ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂና እንዴት እየቀነስሽ እንደምታቆሚ ይንገርሽ። ወራት ይፈጃል። ለዚህ ሩቅ መሄድ የለብሽም፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ከደሴ በታክሲ ይደረሳል። ቱቦውን ይዘሽ ሂጂ። አትፈሪ፣ የሚቆጣሽ የለም፣ ቢቆጡሽም ስቀሽ እለፊያቸው።

ከአራዳ፦ ያማል? ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ፣ ሐሙስ ብወጋ ይደርሳል?

አይደርስም! በእኔ ደርሷል። የእህቴ ሰርግ እሑድ ነበር፣ እኔ ሐሙስ ተወጋሁ። ሐኪሙ መድኃኒት ወስደሻል ወይ አለኝ፣ የለም አልኩ። ከሁለት ቀን በፊት ለጥርሴ አይቡፕሮፌን መዋጤን ረስቼው ነው፣ ያውም ነርስ ሆኜ። አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ አስፕሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋሉ። አርብ ጠዋት ግራ ጉንጬ ላይ የሳንቲም ያህል ሁለት ሰማያዊ በለዝ ወጣ። ሰርጉን ሙሉ ነጠላዬን በግራ በኩል ሳብ አድርጌ ነው ያሳለፍኩት፣ ፎቶ ላይ እንደ አልቃሽ ነው የምመስለው።

ሕመሙ ማደንዘዣ ክሬም ተቀብቶ ግማሽ ሰዓት ከተጠበቀ ይቻላል፣ ሬጁራን ግን ቆንጠጥ ያደርጋል። ከተወጋ በኋላ ፊት ላይ ትንኝ የነከሰው የሚመስል እብጠት ይቀራል፣ ከሰዓታት እስከ ሦስት ቀን። በለዝ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ለሰርግ ከሆነ ከወር በፊት ጨርሱ። ለልብ ሐኪም ያዘዘልህን አስፕሪን ግን ለቁንጅና ብለህ በራስህ እንዳታቆም።

ከሮቢት፦ ሳሎን ውስጥ ያለ መርፌ፣ በአየር ግፊት የሚረጭ ብዕር አለ፣ ርካሽ ነው።

አይሆንም። ኤፍዲኤ በ2021 (በፈረንጆቹ) በእሱ ፊለር እንዳይረጭ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ምን ያህል እንደገባ፣ የት እንደገባ አይታወቅም። በመርፌም ቢሆን ሳሎንና ቤት ውስጥ አይሁን። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፈቃድ በሌለው ቤት ከገዛ ደማቸው የተሠራ የፊት ማደሻ የተደረገላቸው ሴቶች ኤች አይ ቪ እንደያዛቸው በ2024 (በፈረንጆቹ) ይፋ ሆኗል። ካርቶኑ ፊታችሁ ይከፈት፣ የማለቂያ ቀኑን አንብቡ፣ ስሪንጁ ታሽጎ የመጣ ይሁን። «ከሌላዋ የተረፈ አለ፣ በግማሽ ዋጋ ልውጋሽ» የምትል ካለች ተነስታችሁ ውጡ።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ሲወጋ ወይም ከዚያ በኋላ ቆዳው ድንገት ከነጣ፣ እንደ መረብ ከጠቆረ፣ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ ወይም ዓይን ከደበዘዘ ደም ሥር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ከፊለር ያነሰ ይከሰታል፣ ግን ይከሰታል። ነገን አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ። የሚወጋችሁ ሰው ሃያሉሮኒዴዝ አለህ ወይ ሲባል ምንድን ነው ብሎ ከጠየቀ መልሱን አገኛችሁ።

ወንድ ነኝ፣ ይሆነኛል? ይሆናል ወንድሜ፣ ቆዳ ቆዳ ነው። ጠዋት ጢምህን ተላጭተህ አትምጣ ብቻ።

እርጉዝ ነኝ / አጠባለሁ፦ አሁን አይሆንም። እስክትጨርሺ ቫዝሊን።

ጠባሳዬ እያበጠ ነው የሚድነው፦ ኬሎይድ ካለብህ አስቀድመህ ንገራቸው። ጥቁር ቆዳ በተወጋ ቁጥር ምልክቱ ሊጠቁር ይችላል፣ ስለዚህ ቀዳዳው ባነሰ ቁጥር ለእኛ ይሻላል።

ከደሴ፣ ማድያት ያለባት፦ ያጠፋልኛል? ወይባ ብሞቅስ?

ማድያት የቀለም ጉዳይ ነው፣ ይሄ መርፌ መድኃኒቱ አይደለም። ወይባን እወዳለሁ፣ አራስ ሆኜ ሞቄያለሁ፣ ገላን እንደሚያለሰልስ ማንም አይከራከረኝም። ግን ሙቀት ማድያትን ያባብሳል፣ ስለዚህ ገላሽን ሙቂ፣ ፊትሽን ከጭሱ አውጪው። ከተወጋሽም ሁለት ቀን ወይባም እንፋሎትም ማሸትም የለም።

ከገራዶ፦ ስንት ጊዜ ይቆያል?

ሃያሉሮኒኩ ስድስት ወር ገደማ፣ ከዚያ ይደገማል። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ የአንዱን ቀን አትጠይቁ፣ የዙሩን ሙሉ ጠይቁ፣ ከዚያ የዓመቱን አስሉ። ብዙ ሰው አንዴ ተወግቶ ብሩ ሲያልቅ ያቋርጥና አልሠራልኝም ይላል።

ከጅዳ፦ ለረመዳን ኮምቦልቻ እመጣለሁ። እዚህ መርፌው በቀላሉ ይገዛል፣ ለእኔና ለእናቴ በሻንጣ ላምጣ? የሚወጋልን ሰው አይጠፋም።

አታምጪ የኔ እህት። በሻንጣ ውስጥ ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ እንደሚቆም አታውቂም፣ ችግር ቢመጣ ደግሞ ከየት ተገዛ፣ ምን ነበር የሚለው መልስ የለውም። እናትሽንም እስቲ ጠይቂያቸው፣ ፊቴ ደከመ ያሉት እሳቸው ናቸው ወይስ አንቺ በቪዲዮ አይተሽ ነው?

ሻንጣሽ ውስጥ ቦታ ካለ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) አምጪ፣ 50 የሚል፣ ቀለም ያለው ይሁን። ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ማድያት የሚያባብሰውን የሚታየውን ብርሃን ጭምር ይከላከላል፣ ጠይም ፊት ላይም እንደ ዱቄት አይነጣም። እዚህ የዚያ ዓይነት እንደልብ አይገኝም። ለእናትሽ ሁለት፣ ለአንቺ ሁለት፣ እና እባክሽ ለእኔም አንድ ያዢልኝ፣ ሒሳቡን እከፍላለሁ።