«ነአምን» ሲባል አፌ አልከፈት አለኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ 18 ዓመቴ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤቴ 50 አልሞላም። ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት፤ ዘማሪ ነበርኩ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን እግዚአብሔር መኖሩን ራሱ እየተጠራጠርኩ ነው። እምነቴ የእናቴ እንጂ የእኔ አልመስል አለኝ። ሌላ ቤት ብወለድ ኖሮ ሌላ ነገር አምን ነበር እላለሁ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት፣ እምነታችንን የምንመሰክርበት ጸሎት፣ ሲደርስ «ነአምን» ለማለት አፌ አልከፈት አለኝ። ሳያምኑ ማለት ግብዝነት ነው ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረሁ። እናቴ አታውቅም። እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ እወጣና ታክሲ ተራው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ቅዳሴ እስኪወጣ እቀመጣለሁ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። በጥርጣሬህ ብዙም አልደነገጥኩም። ያቺ ድንጋይ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ።

ግብዝነት የሚለውን ቃል ከብዙ ወጣቶች አፍ ሰምቼዋለሁ። አንዳንዶቹ እንዳንተ ሠፈራቸው ያሉ ናቸው። አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ አንዳንዶቹም ውጭ አገር ሄደው ነው የሚነግሩኝ። ንግግራቸው ግን አንድ ነው። «መጀመሪያ ልወስን፣ ከዚያ እመጣለሁ» ይላሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ርቆ ተቀምጦ ወስኖ የመጣ ብዙም አላየሁም። ተመልሰው ያየኋቸው አብዛኞቹ ጥያቄያቸውን እንደያዙ የመጡት ናቸው።

ግብዝ ማን ነው? ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ግብዞች ያላቸው ሰው እንዲያያቸው በአደባባይ ቆመው የሚጸልዩትን ነው። የሌላቸውን እንዳላቸው አድርገው ያሳያሉ። አንተ ለማን ልታሳይ ነው? ቃሉን ሳታምን ማለት ከብዶህ አፍህ ተያዘ። የግብዝ አፍ አይያዝም፤ ሳይቸገር ይናገራል። አንተን ያስጨነቀህ ቃሉን ማክበርህ ነው። ከማይረባ ነገር ጋር እንዲህ የሚታገል ሰው የለም።

አንድ ነገር ግን አለባብሼ አላልፍህም። ግብዝነትን እየሸሸህ ወደ እሱው ነው የሄድከው። ነጠላ አጣፍቶ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መስሎ ወጥቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መመለስ ምን ይባላል? ላሳፍርህ ብዬ አይደለም። ቅዳሴው ውስጥ አፍህ ተይዞ ዝም ብለህ ብትቆም ኖሮ ከዚህ ይልቅ እውነተኛ ትሆን ነበር።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመልስህ። ግእዙን ልብ ብለህ ሰምተኸዋል? «አአምን» አይልም። «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ነው የሚለው። እናምናለን ነው። በዚያ ሰዓት አንተን ብቻ ለይቶ አቁሞ የሚፈትንህ የለም። ካህናቱ አሉ። በጥግ በኩል መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙ አባት አሉ። እናቱ ጀርባ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን አለ። ሕፃኑ አንዲት ቃል አይገባውም፤ «ነአምን» ውስጥ ግን እሱም አለ። አንድ እሑድ ያንተ ድምፅ ቢጠፋ ጸሎቱ አይቋረጥም። ሌሎቹ ይይዙልሃል። ነገ ደግሞ አጠገብህ የቆመው፣ ልጁን የቀበረው ወይም ሥራውን ያጣው፣ አፉ ሲያዝ አንተ ትይዝለታለህ። ስለዚህ ነው በብዙ ቁጥር የሚባለው ብዬ አምናለሁ።

ያ ጸሎት ራሱ ከየት መጣ? በ325 እ.ኤ.አ. 318ቱ ሊቃውንት ኒቅያ ላይ ተሰበሰቡ። አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው ብሎ አስተምሮ ሕዝቡ ታውኮ ነበር። አባቶች መጽሐፍ ገለጡ፣ ተከራከሩ፣ ቃል መርጠው መልስ ጻፉ። ኋላ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው አትናቴዎስ ያኔ ገና ወጣት ዲያቆን ነበር፤ ጳጳሱን እለእስክንድሮስን ተከትሎ ነው የሄደው። አየህ፣ አንተ አልወጣ ያለህ ቃል ሰዎች ብዙ ከጠየቁና ከተጨነቁ በኋላ የተገኘ ነው። አርዮስም የተወገዘው ስለጠየቀ አይደለም። ተመልሶለት እምቢ ስላለ ነው። ጥያቄና ክህደት አንድ አይደሉም። ይህን ለይተህ ያዝልኝ።

ጉባኤ ቤት፣ መጻሕፍት በሚተረጎሙበት የአብነት ትምህርት ቤት፣ የዋለ ሰው ይህን አይስተውም። መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ያነሣና «አንድም»፣ ሌላም ትርጉም አለው፣ ብሎ ይተረጉመዋል። ደግሞ «አንድም» ይላል። ደግሞ «አንድም»። ተማሪው ይጠይቃል፣ ጉባኤው ይከራከራል። እንዲህ ያለች ቤተ ክርስቲያን ካንተ ጥያቄ አትሸሽም። ጥፋቱ ምናልባት የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው። መዝሙር አስጠናንህ፣ ወረብ አስጠናንህ፤ የምትጠይቅበት ሰዓት ግን አልሰጠንህም። አንዱ አገልጋይ «ይሄ የሰይጣን ሀሳብ ነው፣ ተወው» ብሎ አፍህን አስይዞህ ከሆነ፣ ስለ እሱ እኔ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ የቶማስን ታሪክ ትሰማለህ። ጣቱንና የተወጋውን ጎን ሁሉም ያስታውሳል። እኔ አንድ ሌላ ነገር ላሳይህ። ጌታ መጀመሪያ የመጣ ዕለት ቶማስ አልነበረም። «ካላየሁ አላምንም» አለ። ከዚያ ስምንት ቀን አለፈ። ስምንቱ ቀን ሲሞላ የት ነበር? ዮሐንስ ምዕራፍ 20 ላይ «ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ» ይላል። ከስምንት ቀንም በኋላ የማያምነው ካመኑት ጋር ነበር። ግብዝ ነኝ ብሎ አልወጣም። እነሱም ካላመንክ ውጣ አላሉትም። ጌታም የመጣለት እዚያው ከእነሱ መሐል ነው። ያንተ ስምንት ቀን ስንት እንደሚሆን አላውቅም። አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል። ብቻ ድንጋይ ላይ አትጨርሰው።

«እምነቴ የእናቴ ነው» ላልከው፣ እውነት ነው፣ ከእሷ ተቀብለኸዋል። አማርኛህንም ከእሷ ነው የተቀበልከው። አሁን የምትጠራጠረው እንኳ እሷ ባስተማረችህ ቋንቋ ነው። ሌላ ቤት ብትወለድ ሌላ ቋንቋ ትናገር ነበር። ግን በዚህ ምክንያት አማርኛ የእኔ አይደለም አትልም፤ አድገህ የራስህን ሀሳብ ስትናገርበት ያንተ ሆኗል። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት መጀመሪያ ላይ «ግብዝነት የሌለበት እምነት» አለህ ይለዋል። የዚያን እምነት መነሻ ሲነግረው ደግሞ አያቱንና እናቱን፣ ሎይድንና ኤውንቄን፣ በስም ይጠራለታል። ያንተ ሁለቱ ፍርሃቶች፣ ግብዝነቱም የእናት እምነቱም፣ እዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው አሉ። ጳውሎስ ግን እንዳንተ አልተጣሉበትም። ከእናት መቀበል እምነትን ሐሰት አያደርገውም። የተቀበሉትን ሳይመረምሩ መጣል ነው ኪሳራው።

አሁን አንድ ጥያቄ እኔ ልጠይቅህ። ጥርጣሬው የጀመረህ ከፈተናው በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ ጥያቄህ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ግን ሁለት ሕመም አንድ ላይ እንዳመመህ ማወቅ አለብህ። 12 ዓመት ሙሉ «ማን ነህ?» ሲሉህ «ጎበዝ ተማሪ» ነበርክ። አንድ ቀን ውጤት ወጣና ያ ስም ተነጠቀ። የሠፈሩ ሰው «ስንት አመጣህ?» ሲልህ መንገድ ትቀይራለህ። ስለትም ተስለህ፣ ሌሊት ሙሉ ቸክለህም ሊሆን ይችላል። «ታዲያ የት ነበርክ?» ብለህ እግዚአብሔርን ብትጠይቀው አይቆጣህም፤ መዝሙረ ዳዊት በዚህ ጩኸት የተሞላ ነው። እንደምታውቀው ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት ጊዜ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ ወጣት እግዚአብሔር ጣለው እንበል? ቆራቢ ስትሆን ካህኑ የሚጠሩህ በክርስትና ስምህ ነው። ስምህ ላይ ውጤት አይጨመርበትም።

ቅዱስ ያሬድም ትምህርት እምቢ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ ነበር። ዛፍ ላይ ወድቃ ወድቃ የወጣችውን ትል ሁላችንም እናነሣለን። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄደ ግን ብዙ አናነሣም። ተመልሶ የሄደው ወደዚያው ወደሸሸው መምህሩ፣ ወደ ጌዴዎን ነው።

እንግዲህ የፊታችን እሑድ ሂድ። ከመዘምራኑ ጋር መቆም ከከበደህ ከኋላ ቁም። «ነአምን» ሲደርስ አፍህ ካልተከፈተ አትታገለው፤ አጠገብህ ያሉትን ስማ። የራስህ ቃል ካስፈለገህ በማርቆስ ምዕራፍ 9 የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት ያለውን በል፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው»። ጌታ ያን ሰው መጀመሪያ እምነትህን አጥራና ና አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ቅዱስ ቁርባንን በተመለከተ ብቻህን አትወስን፤ ለንስሐ አባትህ ሁሉንም ንገራቸው። ጥያቄዎችህን ወረቀት ላይ ጻፋቸው፤ አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክህ ላይ የምትሰማቸውን ክርክሮች ግን ለጊዜው ተዋቸው። በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉም ነገር ይጨልምበታል።

ለእናትህ ደግሞ ዛሬ ማታ ንገራት። ልታለቅስ ትችላለች። ቢሆንም ንገራት። ስለ ድንጋዩም ንገራት። ከዚያ አንድ ነገር ጠይቃት፦ እሷስ «ነአምን» ማለት ያቃታት ቀን ነበር? የዚያን ዕለት ምን አደረገች? መልሷን ስማና ጻፍልኝ።