«በሞቴ» ሲባሉ እንዴት እምቢ ይባላል?

ጅማ በሚደረገው የዘመድ ሠርግ ላይ «በሞቴ» እየተባለ የሚቀርብልዎትን መጠጥ ደጋሹን ሳያስቀይሙ እንዴት እንደሚቀንሱ ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት ሰውን የሚያሸንፈው የመጀመሪያው ብርጭቆ ሳይሆን ጎደል ባለ ቁጥር የሚሞላው ስለሆነ፣ ብርጭቆዎን ሳያጎድሉ ያቆዩት፤ ቀጂው ሲመጣም በእጅዎ ከደን ያድርጉት። ጨርሶ መተው ከፈለጉ ግን፣ በከተማችን ድግስ የማይጠጡ ሙስሊም ጎረቤቶች ስለማይጠፉ ለስላሳ ወይም ብርዝ አብሮ ይዘጋጃልና (ብርዙ ከሰነበተ ፈልቶ አልኮል እንደሚይዝ ሳይዘነጉ) ምክንያት ሳይደረድሩ እሱን ይጠይቁ። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ሲይዝ፣ የጠላና የጠጅ ጥንካሬ ግን ከቤት ቤት ስለሚለያይ በብርጭቆ ቆጥሮ መጠንን ማወቅ ያስቸግራል። ከድግሱ በኋላ የሚጠጣው ቡናም እንቅልፍን እንጂ ስካርን ስለማያባርር፣ ከቀመሱ መኪናዎን አያሽከርክሩ።